ሦስት ጣት

ሰው ሁሉ ቱንቢ ይለዋል። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲቆም ደግሞ አንዱ ከላይ በክር ያንጠለጠለው ይመስል ቀጥ ይላል። ቅጽል ስሙን ግድግዳ ቀጥ ማለቱን ከሚለኩበት ባለ ክር መሣሪያ ወስደው ያወጡለት ግንበኞቹ ናቸው። መጀመሪያ በሌለበት ይጠሩት ነበር፤ ኋላ ፊት ለፊት ሲጠሩት ሳይከፋው «አቤት» አለና ስሙ በዚያው ጸና። ሕንፃ ተቋራጭ ነው። የሠራው ግድግዳ ዘንበል ብሎ አያውቅም ይባልለታል፤ ይህን ከሚሉት ሰዎች ደግሞ ቀዳሚው እሱ ራሱ ነው።

ፕላን የሚስልለት ዋርሳው ነው፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም። ዋርሳው አርክቴክት ነው፤ ዓይን አፋርነቱ ግን ለጉድ ነው። ሕንፃው ወደሚሠራበት ግቢ ሲመጣ መሬት መሬት እያየ ይገባል፣ ሰላምታውን ለራሱ የሚሰጥ ይመስል በለሆሳስ ያሰማል፣ የሚጠይቀው ነገር ካለው ደግሞ የሲሚንቶውን ክምር ዞሮ ዞሮ ነው አፉን የሚከፍተው። ሠራተኞቹ «ሙሽራው መጣ» ይባባላሉ። ወረቀት ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። እርሳስ ከያዘ አያመነታም፤ የሚስለው ክፍል ገና ሳይሠራ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ ይታያል።

ሁለቱ አብረው መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ሌላ ቦታ አርክቴክትና ተቋራጭ የሚነጋገሩት በደብዳቤ ነው። አንዱ «በፕላኑ መሠረት አልተሠራም» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ፕላኑ ግልጽ አይደለም» ብሎ ይመልሳል፣ ግልባጩ ለጠበቃ ይሄዳል፣ ቤቱም ጣሪያ እየጠበቀ ዝናብ ይወርድበታል። እነዚህ ግን አንድ ገበታ የሚቀርቡ ሰዎች ናቸው። ዋርሳው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ቱንቢ የቀረውን ይሠራዋል። «ጋሼ፣ ያ መስኮት…» ይላል ዋርሳው። «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» ይላል ቱንቢ፤ በማግስቱ መስኮቱ ትንሽ ወደ ግራ ሸሽቶ ይገኛል። ሚስቱ «አንተ እኔን ያገባኸኝ ለወንድሜ እርሳስ ብለህ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር።

ከዚህ መግባባት የተወለደ አንድ ልማድ ነበራቸው። ዋርሳው በፕላኑ ላይ የወለል ከፍታ ሲጽፍ የሚጽፈው ያለቀውን ወለል፣ የሰው ጫማ የሚያርፍበትን ነው። ሲሚንቶው በሚሞላበት ቀን ግን ሴራሚኩ ገና አልተነጠፈም። ስለዚህ ለሴራሚኩና ከሥሩ ለሚገባው ማጣበቂያ የሚሆነው ውፍረት ከከፍታው ላይ መቀነስ አለበት። የሚቀንሰው ሁልጊዜ ቱንቢ ነበር፤ የሚቀንሰውም በቃል አልነበረም። አናጢው የፎቁ ሲሚንቶ የሚፈስበትን ጣውላ እየመታ ወደ ታች ያየዋል። ቱንቢ እጁን ያነሣና ሦስት ጣት ያሳየዋል። አናጢው ጣውላውን ሦስት ጣት ያወርደዋል። በቃ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንም ባልነበር። ቱንቢ ግን ቀልድ ይወዳል፤ የሚስቅለት ካገኘ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ጣቶቹን እንደ ዘረጋ፣ «ሴራሚክ የሚባል ነገር መፈጠሩን ለዋርሳዬ ማን ይንገርልኝ?» ይላል። «እኛ ባናለብሰው ኖሮ የእሱ ወለል ሁሉ ራቁቱን ነበር የሚቀረው።»

«እኛማ ልብስ ሰፊዎች ሆነናል» ይላል አናጢው ከላይ።

ሁሉም ይስቃል። አለቃው ሲቀልድ ማን ፊቱን ያኮሳትራል? እውነቱን ለመናገር ዋርሳው የተሳሳተው ነገር አልነበረም። ያለቀውን ከፍታ መጻፍ አንድ አሠራር ነው፤ መቀነሱ ደግሞ የሚሠራው ሰው ድርሻ ነው። ይህን ቱንቢም አይስተውም። ግን ቀልዱ ጣፈጠው፤ ሲደጋግመውም እሱ ራሱ ሳይታወቀው ቀልዱን ማመን ጀመረ።

ሚስቱ ዓይነ ሥውር ናት። ዓይነ ሥውርነቷ አብሯት የተወለደ አይደለም፤ ከተጋቡ በኋላ ብርሃኗ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ። እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በጣቷ ማንበብ ተማረች፤ ቀጥላም ለዓይነ ሥውራን በተከፈተ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። ይህ ትምህርት ቤት አንድ ፎቅ ያለው አዲስ ሕንፃ ሊያሠራ ሲነሣ ከቀረቡት ፕላኖች የዋርሳው ተመረጠ፣ ግንባታውን ደግሞ ቱንቢ ያዘ።

ያን ሰሞን ሦስቱ ምሳ በልተው እንደ ጨረሱ፣ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ «አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ» አለች። «ደረጃውን።»

«ደረጃው ምን ሆነ?» አለ ቱንቢ። «ገና መቼ ተሠራና?»

«ሳይሠራ ነዋ የምነግራችሁ። ዓይን ያለው ሰው ደረጃ ሲወጣ እያየ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን በእግሬ እለካቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እግሬ የቀሩትን አምኖ ነው የሚረግጠው። የድሮው ሕንፃ ደረጃ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። ተማሪዎቹ በየጊዜው ይደፉበታል። የአሁኑ እህትማማች ይሁን።»

«እህትማማች ከሆነማ ሲነታረክ ይኖራል።»

«እንግዲያው መንታ ይሁን። አንተ ሰውዬ፣ ሁሉን ነገር ቀልድ አታድርገው።»

«እሺ፣ መንታ። ዋርሳዬ፣ ሰምተሃል?»

ዋርሳው የራሱን ጣቶች እያየ ተቀምጦ ነበር። «ሰምቻለሁ፣ እትዬ» አለ፤ መልሱ ለቱንቢ ሳይሆን ለእህቱ ነበር።

መሠረቱ ወጣ፣ ዓምዶቹ ቆሙ። የደረጃውና የፎቁ ፕላን ሲደርስ ዋርሳው እንደ ወትሮው በሰው አልላከውም፤ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ራሱ መጣ። ቱንቢ ከአሸዋ አቅራቢው ጋር በስልክ እየተጨቃጨቀ ነበር። ዋርሳው የሲሚንቶውን ክምር ዞሮ መጣ፣ እንደገና ዞረ፣ ከዚያ ፊቱ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይህን አንድ ጊዜ እየው።»

«አየዋለሁ።»

«አሁን ብታየው… ትንሽ የተለየ ነገር አለው።»

«ዋርሳዬ» አለ ቱንቢ ስልኩን በእጁ ከልሎ፣ «ያንተን ፕላን ማየት ለእኔ የራሴን መዳፍ ማየት ነው። እዚያ ጋ አስቀምጠው።»

ዋርሳው ጥቅሉን ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ ከምስማር ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። ትንሽ ቆመ። አንድ የሚናገረው ነገር ያለው መስሎ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየ ወጣ።

የፎቁ ወለል በሚሞላበት ዕለት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የሲሚንቶ ማቡኪያው ይጮኻል፣ ሠራተኛው ይሯሯጣል፣ ዝናቡ ሳይቀድም መጨረስ አለበት። አናጢው ፕላኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስነብቦ ጣውላውን ከያዘ በኋላ እንደ ልማዱ ወደ ታች አየ።

«ፕላኑን አይተኸዋል?» አለ።

«ምኑን አየዋለሁ፣ የሙሽራው ወለል አይደል? አልብሰው» አለ ቱንቢ፤ እጁን አንሥቶም ሦስት ጣት አሳየ።

ሲሚንቶው ተሞላ፣ ደረቀ። የመጨረሻው ደረጃ ባዶውን ሲታይ ከጓደኞቹ አጠር ብሎ ታየ፤ ያ ማንንም አላስደነገጠም፤ ሴራሚክ እስኪነጠፍ ድረስ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው። ደረጃዎቹ ራሳቸው እግር እንዳያዳልጡ ሴራሚክ አልተደረገባቸውም፤ ሸካራ ሲሚንቶ ሆነው ቀሩ። ጠርዛቸው እንዳይሸረፍ ጣውላ ተደረበባቸውና እስከ ርክክቡ ዋዜማ ድረስ ባሬላ ሲመላለስባቸው ከረመ። ፎቁ ላይ ሴራሚክ ተነጠፈ፣ በሮች ተገጠሙ፣ ግድግዳው ተቀባ። ጣውላው ሲነሣ ቱንቢ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ፣ እየሮጠ ወረደ። ዓይኑ እግሩን እየመራው ምንም አልታወቀውም።

በርክክቡ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ መምህራንና የግንባታ ኮሚቴው አባላት ደረጃው ሥር ተሰበሰቡ። ዳይሬክተሯ «ደረጃው እኩል ይሁን ብላ የለመነችው እሷ ናት፤ እሷው ትመርቀው» አለች። ሚስቱ ነጩን በትሯን ለአንዷ መምህርት ሰጠች። እጇን በመደገፊያው ላይ አሳርፋ ወጣች። የመጀመሪያዎቹን ቀስ ብላ ለካቻቸው፤ ከዚያ ፊቷ ፈካ፣ እርምጃዋ ፈጠነ። መውጣት ሳይሆን የሚያስደስት ነገር እያነበበች ትመስል ነበር። ቱንቢ ዋርሳውን በክርኑ ነካ አደረገው። ዋርሳው ፈገግ ብሎ ቱንቢን አየው፤ አንድ ቃል የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር።

ላይ ስትደርስ እግሯ ያልጠበቀው ጉድጓድ ውስጥ እንደ ገባ ዱብ አለ። መደገፊያውን ጨበጠች።

«ኧረ፣ መጨረሻ ላይ ችኮላ ነበር እንዴ?» አለች እየሳቀች።

ታች የቆሙትም ሳቁ። ማንም ሰው ደርሶ ሳይይዛት ዞረችና መውረድ ጀመረች። የመጀመሪያው ደረጃ አጭር ነበር። እግሯ ያን አጭር ደረጃ ለካ፣ የሚቀጥለውንም እንደዚያው ነው ብሎ አመነ። የሚቀጥለው ግን ጥልቅ ነበር። እግሯ ባዶ ረገጠ፣ እጇ ከመደገፊያው አመለጠ፣ እስከ ታች ተንከባለለች።

ቀኝ እጇ ተሰበረ፤ የምታነብበት እጇ።

ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ሐኪም ቤት ሳለች፣ ከኮሚቴው አንዱ ሜትር ይዞ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ለካ። ሁሉም እኩል ናቸው። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ሜትሩን ተወና እጁን በደረጃው ጎን አስደግፎ አየ።

«ይህኛው ያጥራል» አለ።

«በምን ያህል?» አለች ዳይሬክተሯ።

«ሦስት ጣት ቢሆን ነው።»

ቱንቢ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ዳይሬክተሯ ሁለቱን ቢሮዋ አስገባቻቸው። በክፍሉ ውስጥ የአዲስ ቀለም ሽታ ነበር፤ ወንበሮቹ ገና ላስቲካቸው አልተነሣም። ዋርሳው ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ያነሣውን የፕላኑን ጥቅል በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ።

«ማንንም መክሰስ አልፈልግም» አለች። «ቦርዱ ግን ይጠይቀኛል። ተማሪዎቼ የሚወጡበት ደረጃ ነው። ስህተቱ የተፈጠረው ሲሳል ነው ወይስ ሲሠራ?»

ቱንቢ ጣቱን ያነሣው እሱ መሆኑን ያውቃል። ግን ሁልጊዜ ያነሣል፤ ሁልጊዜ ልክ ይሆናል። እንግዲያው ቁጥሩ ነው የተሳሳተው፣ ሌላ ምን ይሆናል? እንዲህ ብሎ ለራሱ ነገረውና አፉን ሞልቶ፣ «እኛ የተሳለውን ነው የምንሠራው» አለ።

ዋርሳው ቀና አለ። በዚያ ሁሉ ዘመን ቱንቢ የዚህን ሰው ዓይን እንዲህ ፊት ለፊት አይቶት አያውቅም። ጥቅሉ በእጁ ነው፤ ዘርግቶ ማሳየት ይችል ነበር። አልዘረጋውም። ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ። ከዚያም ተነሥቶ ወጣ።

ወሬ እግር የለውም ማን አለ? በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዋርሳው «የገዛ እህቱን በደረጃ የጣለ አርክቴክት» ተባለ። ቦርዱ አሰናበተው። ሊያሠሩት ቀጠሮ የያዙ ሰዎችም አንድ በአንድ «ለጊዜው አስበንበት እንነግርሃለን» አሉት። ደረጃው በሙሉ ፈርሶ ከፍታው እንደገና ተከፋፍሎ እንዲሠራ ተወሰነ።

ማፍረሱን ቱንቢ ለሠራተኛ አልተወውም። መዶሻውን ራሱ አነሣ። ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ ሲመታ አናጢው አጠገቡ መጥቶ ቆመ።

«ቱንቢ፣ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኛል» አለ።

«ተናገረዋ።»

«የመድኃኒት ቤቱን ሕንፃ ስንሠራ፣ ያን የራቁት ወለል ቀልድ ስትቀልድ ሙሽራው ከብሎኬቱ ክምር ኋላ ቆሞ ነበር። ከላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። መምጣትም መሄድም አቅቶት፣ ፊቱ ቀልቶ፣ እኛ ስቀን እስክንጨርስ እዚያው ቆሞ ቀረ።»

መዶሻው ቆመ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ሁላችንም እየሳቅን ነበር እኮ። እኔ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ።» አናጢው የፈረሰውን ስባሪ በእግሩ ገፋ አደረገ። «ፕላኑን አይተኸዋል ወይ ስልህ ዝም ብዬ አልነበረም። ቁጥሩን ሳስነብብ ከጎኑ ጽሑፍ ነበረበት። እኔ ማንበብ አልችል፤ ያነበበልኝም ቁጥሩን ብቻ ነው ያነበበልኝ።»

ቱንቢ ከዳይሬክተሯ ቢሮ ያመጣው ጥቅል ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ ያው የምስማር ሳጥን ላይ ነበር። ዘረጋው። ከመጨረሻው ደረጃ አጠገብ በዋርሳው የተስተካከለ ጽሕፈት «ይህ የባዶው ሲሚንቶ ከፍታ ነው፤ የሴራሚኩ ሦስት ጣት ተቀንሷል» ይላል። ከሥሩ በሁለት መስመር ተሰምሮበታል። ከመስመሩ በታች በእርሳስ፣ አንድ ሰው ብቻ እንዲያየው ተብሎ በደቃቁ የተጻፈ ሌላ ነገር ነበር፦ «ጋሼ፣ የዛሬውን እኔ አልብሼዋለሁ።»

ዋርሳው የወለሉን ልብስ ቀንሶ ሳለ፣ ቱንቢ ደግሞ ደገመው። ሁለት ጊዜ የተቀነሰ ወለል። ዳይሬክተሯ ቢሮ ውስጥ ያ ሰው ይህን ወረቀት በእጁ ይዞ ነበር የተቀመጠው።

የዋርሳው ቢሮ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ያለች አንድ ክፍል ናት። ቱንቢ ሲገባ ዋርሳው ፕላኖች እየጠቀለለ በካርቶን ይከት ነበር።

«ይቀመጡ» አለ።

ቱንቢ በዋርሳው አፍ «አንተ» ሲባል የኖረ ሰው ነው። ቃሉ እንደ ጥፊ አረፈበት። አልተቀመጠም።

«ጽሑፉን አየሁት» አለ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩዎት። ጻፍኩት።»

«አንተና እኔ መቼ በጽሑፍ ተነጋግረን እናውቃለን?»

«አናውቅም» አለ ዋርሳው። «ለዚያ ነበር ይዤው የመጣሁት። አሁን ይዩት አልኩ፤ መዳፌ ነው አሉኝ።»

«ያ የወለሉ ነገር እኮ ቀልድ ነው። አንተ ላይ ቂም ኖሮኝ መሰለህ?»

«ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ሁሉም ሳቀ።» ካርቶኑን በገመድ ማሰር ጀመረ። «እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሲሚንቶው ሲሞላ መጥቼ መለካት ነበረብኝ። ሥራዬ ነው። ግን አልመጣሁም። ፕላኑን ሲያዩ ይደውላሉ፣ ጎበዝ ይሉኛል ብዬ ስልኩን ሳይ ዋልኩ። ስልኩ ሳይጠራ ሲቀር ደግሞ ኮራሁ፤ ራሳቸው ይጠይቁኝ አልኩ። እህቴን ጎበዝ በምትል አንዲት ቃል ለወጥኳት። ስለዚህ የእኔ ጥፋት ነው ያልኩት ውሸት አይደለም።»

«ግማሹ ነው ያንተ።»

«ግማሹን እኔ ተናግሬያለሁ» አለ ዋርሳው፤ ቀና ብሎም አላየው።

ቱንቢ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። የታሸገው እጇ ጭኗ ላይ ነበር፤ በግራ እጇ ጣቶች የፋሻውን ጠርዝ ትዳስሳለች።

«ለእኔ መንገርህ ደግ ነው» አለች ሲጨርስ። «ግን እሱን ያባረርኩት እኔ አይደለሁም። ሂድና ለዳይሬክተሯ ንገራት።»

ሄደ። ዳይሬክተሯ ሰምታው ስታበቃ መነጽሯን አወለቀች።

«ባለፈው ከዚሁ ወንበር ላይ ሌላ ነገር ነበር የነገሩኝ» አለች።

«አዎ።»

«እንግዲያው በጽሑፍ ያቅርቡልኝ። ለቦርዱ አቀርበዋለሁ፤ የእሱም ስም ይጸዳል። የእርስዎ ውል ግን…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ቱንቢ ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ይችልበታል፤ ይህንንም በልቡ ጨረሰው።

«እጽፋለሁ» አለ።

አልጻፈም። በመጀመሪያ፣ ደረጃው ተሠርቶ ይለቅ አለ። ከዚያ ሠራተኞቼን የት እበትናቸዋለሁ አለ። ከዚያ ደግሞ ወሬው በርዷል፣ አሁን መቀስቀሱ ለዋርሳዬም አይበጅም አለ። ሚስቱ በየጊዜው «ጻፍክ?» ትለዋለች፤ እሱ «ነገ» ይላታል። አንድ ቀን መጠየቋን ተወች። የተወችበትን ቀን ቱንቢ ልብ አለው።

ቦርዱ የቀጠረው አዲስ አርክቴክት ቱንቢ የማያውቀው ሰው ነበር። ጨዋ ነው፤ ሁሉን ነገር በወረቀት ይልካል፣ ሁሉን ነገር ያስፈርማል። ለአንዲት የበር እጀታ እንኳ ደብዳቤ ይመጣል፤ መልሱም በደብዳቤ ይሄዳል። አዲሱ ደረጃ ሊሞላ ሲል አናጢው ጣውላውን ይዞ ወደ ታች አየ። የቱንቢ እጅ፣ የሰውነቱ ክፍል ያልሆነች ይመስል፣ ራሷ ተነሣች። አናጢው ጣቶቹን አይቶ ዓይኑን ወደ ጎን መለሰ።

«ወረቀቱ ይነበብልን» አለ። «በወረቀቱ ይሁን።»

ሌሎቹ ሠራተኞች አልሳቁም። ቱንቢ እጁን አወረደ።

ደረጃው አለቀ። የኮሚቴው ሰው ለካው፤ ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ የፀጉር ያህል አይለይም። ያለ ሥነ ሥርዓት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎቹ ክፍል ሳሉ ሚስቱ መጣች። የተጠገነው የቀኝ እጇ ጣቶች አልታዘዝ ብለዋት በግራ እጇ ማንበብ እንደ አዲስ እየተማረች ነበር። በትሯን ለማንም አልሰጠችም። የመጀመሪያውን ደረጃ በበትሯ መታች፣ በእግሯ ጫፍ ዳሰሰች፣ ረገጠች። ሁለተኛውን መታች፣ ዳሰሰች፣ ረገጠች። ሦስተኛውንም እንደዚያው። ቱንቢ እግሯ የሚያምንበትን ቦታ ይጠብቅ ነበር። አልደረሰችበትም። እስከ ላይ እያንዳንዱን እየመታች ወጣች፣ እስከ ታች እያንዳንዱን እየመታች ወረደች።

«ልክ ነው?» አላት አጠገቡ ስትደርስ።

«ልክ ነው። መንታ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን ትዳስሻለሽ?»

በትሯን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«የፊተኛው የማን ሥራ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ የዚህኛውን አላውቅማ» አለች፤ ክንዱንም ሳትይዝ ግቢውን በበትሯ እየመታች ወደ በሩ ሄደች።